ይቅር ተብያለሁ፤ ታዲያ አፌ ለምን ተዘጋ?

የኋላ ወንበር (ክሩን፣ ማለትም ይህን የመድረክ ውይይት፣ የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሑፍ አራት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ሳላነበው ልልከው ነው።

በምሰበሰብበት ጉባኤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። ለታመሙ መርጃ የሚዋጣው ገንዘብም በእኔ እጅ ነው፤ መዝገቡን ትይዝ የነበረችው ሌላ እህት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ቸገረኝና ከዚያ ገንዘብ ወሰድኩ። እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላም ምንም ሳላጎድል መለስኩ። በመካከሉ ግን ሒሳቡ ሲታይ ጉድለት ተገኘ። ስጠየቅ፣ «እኔ የማውቀው የለም፤ ምናልባት የአመዘጋገብ ስሕተት ይሆናል» አልኩ። መዝገብ ያዥዋ እርሷ መሆኗን እያወቅኩ ነው ይህን ያልኩት። ማንም በግልጽ አልከሰሳትም። ኃላፊነቱን ብቻ በጸጥታ ከእጇ ወሰዱት። እርሷም አንድ ሳምንት ቀረች፣ ሁለት ሳምንት ቀረች፣ ከዚያም ጨርሳ ቀረች። ገንዘቡን ስመልስ «ሌላ ፖስታ ውስጥ ተገኘ» አልኩ፤ ሁሉም «እሰይ» ብሎ ዝም አለ።

ለእግዚአብሔር ተናዝዣለሁ። ስንት ሌሊት እንደሆነ አላውቅም። መዝሙር 51ን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «አንተን ብቻ በደልሁ» የሚለው ጋ ስደርስ አለቅሳለሁ። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 እንደሚለው የሚናዘዝ ሰው ይቅር እንደሚባልም አምናለሁ። አፌ ግን ተዘግቷል። ሰው ፊት መጸለይ አቅቶኛል። ስለ ሐሰት የሚናገር ክፍል ሲመጣ ጥናቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ስለ እምነቴ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ወሬ እቀይርበታለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም፤ ደፋር ነበርኩ። ይቅርታውን ከተቀበልኩ ድፍረቱ ለምን አልተመለሰም? ጸሎቴ አንሶ ነው?

---

የጠዋት ጤዛ

ወንድሜ፣ አይዞህ። ከሳሹ ሰይጣን ነው እንጂ እግዚአብሔር አይደለም። በሚክያስ 7፥19 ኃጢአታችን ወደ ባሕር ጥልቅ ይጣላል ተብሏል። የተጣለውን እየጠለቅህ አታውጣው። ገንዘቡን መልሰሃል፤ ተናዝዘሃል። ወደ ኋላ አትይ፤ ነገ ተነሥተህ ጸልይ።

---

ቁጡው

ጤዛ፣ ልብህ መልካም ነው፤ ምክርህ ግን ይህን ሰው ሌላ ሁለት ዓመት ያስቀምጠዋል።

የኋላ ወንበር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዳዊት «አንተን ብቻ በደልሁ» ሲል ሚስቱን የወሰደበት ኦርዮ የት ነበር? ሞቶ ተቀብሯል፤ ለዚያውም በዳዊት ደብዳቤ። ይቅርታ ልጠይቅህ ብሎ በሩን የሚያንኳኳበት ቤት አልነበረውም። ያንተዋ እህት ግን በሕይወት አለች። ስልክ አላት። አንተ በዚያ ቁጥር ላይ ደርሰህ የምታለቅሰው «ብቻ» የምትለዋ ቃል ስለምታሳርፍህ ይመስለኛል። ከእርሷ ፊት መቆም አያስፈልገኝም ብለህ እንድታስብ ትረዳሃለች።

ደግሞም ገንዘብ ብቻ አይደለም የወሰድከው፤ ስሟንም ወስደሃል። ገንዘቡን መልሰሃል። ስሟ እስከ አሁን አንተ ጋ ነው።

---

የኋላ ወንበር

ቁጡው፣ አስተያየትህ ከበደኝ። ምናልባት እውነት ስለሆነ ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ዓመት አልፏል። ሌላ ጉባኤ ገብታ ኑሮዋን ጀምራ ይሆናል። አሁን ሄጄ የዳነ ቁስል ብነካካ ለእርሷ ሳይሆን ለራሴ እረፍት ስል ያደረግኩት አይሆንም?

---

ዝም ያልኩት

ይህን መድረክ ለሦስት ዓመት አንብቤ አንድም ጊዜ አልጻፍኩም። ዛሬ የምጽፈው «የዳነ ቁስል» ስላልክ ነው።

እኔ የዚያች እህት ዓይነት ሰው ነኝ። ታሪኩ ሌላ ነው፤ በገንዘብም አይደለም። በአንድ አገልጋይ ውሸት ምክንያት በማላውቀው ነገር ተጠርጥሬ ነበር። እርሱ በኋላ ስለ ምሕረት ሲያስተምር ሰማሁት፤ እንባው ይወርድ ነበር፤ ሕዝቡም አብሮት አለቀሰ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? እግዚአብሔር የእርሱን ወገን ይዞ እኔን የረሳኝ መሰለኝ። እርሱ ይቅርታን የተቀበለው እኔን ሳያይ ነው፤ እግዚአብሔርም እኔን ሳያይ የሰጠው መሰለኝ። ወደ ጸሎት ለመመለስ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስለዚህ «ኑሮዋን ጀምራ ይሆናል» አትበል። አታውቅም። ቁስሉ ድኖ ከሆነ እርሷ ትነግርሃለች። ካልዳነም የምትሰማው ነገር መራራ ይሆናል፤ እርሱን መስማት ግን የአንተ ድርሻ ነው። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ይቅር እንድትልህ አትጠይቃት። በደልህን ንገራትና መልሱን ለእርሷ ተውላት።

---

የብራና ወዳጅ

ስለ ድፍረት የተነሣው ጥያቄ ያዘኝ። ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል።

በአማርኛ ድፍረት ሁለት ፊት አለው። መዝሙረኛው «የድፍረት ኃጢአት እንዳይገዛኝ» ብሎ ይጸልያል (19፥13)፤ ዕብራውያን 10፥19 ደግሞ ወደ ቅድስት ለመግባት «ድፍረት ስላለን» ይላል። የመጀመሪያው፣ ሰው ልኩን ሳያውቅ የሚያደርገው ነው። ለሁለተኛው የግሪኩ ቃል ፓሬሲያ ነው፤ ቀድሞ በአቴና ነፃ ዜጋ በጉባኤ ተነሥቶ ሐሳቡን ሁሉ ሳይደብቅ የሚናገርበት መብት ነበር። ባሪያ ይህ መብት አልነበረውም። ስለዚህ ፓሬሲያ የሚደብቀው የሌለ ሰው አነጋገር ነው ማለት ይቻላል። የኋላ ወንበር «ድሮ ደፋር ነበርኩ» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ እርሱ ያውቃል። የሚደብቀው ያለበት ሰው ግን ሁለተኛው ዓይነት ሊኖረው አይችልም፤ የጸሎት መብዛትም አያመጣለትም።

ታሪክም ልጨምር፤ ረዘመ ብላችሁ አትቆጡ። በ250 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የሮም ንጉሥ ዳክዮስ የግዛቱ ነዋሪ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋና መሠዋቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ከእነዚያ ወረቀቶች አንዳንዶቹ በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተው ዛሬም ይነበባሉ። ብዙ ክርስቲያኖች ሠዉ። ሌሎቹ ሳይሠዉ በገንዘብ ወረቀቱን ብቻ ገዙ፤ «እጄ ንጹሕ ነው፤ የዋሸው ወረቀቱ ነው» ለማለት ያህል። (የመዝገብ ስሕተት ይሆናል ያለው ወንድማችን እነዚህን ቢያገኛቸው የሚግባቡ ይመስለኛል። በቅንነት ነው የምለው።)

ስደቱ ሲበርድ የወደቁት ተመለሱ፤ ክርክር ተነሣ። በሮም ኖቫትያኖስ የሚባል ቄስ «ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ልትቀበል አትችልም» ብሎ ተገነጠለ። በሌላ ወገን ደግሞ ያለ ምንም ንስሐ ወዲያው እንግባ የሚሉ ነበሩ። የቅርጣግናው (በሰሜን አፍሪካ) ጳጳስ ቆጵርያኖስ በመካከል ቆመ፤ ይመለሱ፣ ነገር ግን የእያንዳንዱ ነገር ይታይ፣ ንስሐም ይግቡ አለ። እርሱ ራሱ በስደቱ ጊዜ ተደብቆ ስለነበረ ትችት አላመለጠም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ስደት ሲያንዣብብ ከባልንጀሮቹ ጳጳሳት ጋር ሆኖ በንስሐ ላይ የቆዩትን ፈጥነው ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዲቀበሏቸው ወሰነ። ምክንያቱን ልብ በሉ፤ የክርስቶስን ደም የከለከልናቸው ሰዎች ስለ ክርስቶስ ደማቸውን እንዲያፈስሱ እንዴት እናበረታታቸዋለን የሚል ነበር። ይቅርታ ለእነርሱ የጦር ትጥቅ ነበር ማለት ነው። ቆጵርያኖስም በ258 ዓ.ም. አንገቱ ተቀልቶ ሞተ፤ በዚያ ጊዜ አልተደበቀም።

---

ሰባ ሰማንያ

ትንሽ እርማት፦ እኛ ዘንድ ያ መዝሙር 50 ነው እንጂ 51 አይደለም።

---

ቁጡው

ሰው እየሰመጠ ነው፤ አንተ ውኃውን ትቆጥራለህ።

---

የክሩ ተቆጣጣሪ

ሁለቱም ቍጥር ልክ ነው፤ በሰባ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር 50፣ በዕብራይስጡ 51። በዚህ ላይ የሚጻፍ ሁሉ ይነሣል። ወደ ጉዳዩ እንመለስ።

---

የልጅ ልጅ ያየሁ

ልጆቼ፣ እኔ ፊደል ቆጣሪ እንጂ ሊቅ አይደለሁም። በዕድሜዬ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

ዮሐንስ ወንጌሉን ሲጽፍ የፍም እሳት ሁለት ጊዜ ብቻ ያነሣል። አንደኛው ጴጥሮስ እየሞቀ የካደበት ነው፤ ምዕራፍ 18። ሁለተኛው ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በባሕሩ ዳር ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ የጠበቀበት፤ ምዕራፍ 21። ሽታ ሰውን ወዴት እንደሚወስድ እናውቃለን። ጴጥሮስ ከታንኳው ዘሎ፣ ልብሱ ርሶ፣ እየሮጠ መጥቶ ያ ፍም ሲሸተው ምን እንደተሰማው አስባለሁ። ጌታ ሌላ ቦታ ሊያነጋግረው ይችል ነበር። አላደረገውም። ደግሞ መጀመሪያ አበላው፤ ጥያቄው የመጣው ከበሉ በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ሦስተኛው ላይ ጴጥሮስ አዘነ ይላል። ያ ኀዘን ቅጣት አይመስለኝም። ሐኪም እሾሁን እስኪያገኝ ሲጫን የሚሰማ ሕመም ነው። ከዚያ በኋላ ነው «በጎቼን አሰማራ» የተባለው።

ወንድሜ፣ አንተ የምትሸሸው ፍሙን ነው። የእግዚአብሔር ይቅርታ በሌለበት ሂድ እያልኩህ አይደለም፤ እርሱ አስቀድሞ በዚያ ቁጭ ብሏል።

አሁን ስለ አካሄዱ፦ ብቻህን ድንገት ቤቷ አትሂድ። አስቀድመህ ጠይቃት፤ አልፈልግም ካለች አክብርላት፤ ጻፍላት። ስትናገር «ቸግሮኝ» የሚለውን ቃል ከአፍህ አታውጣ፤ እርሷ ጠይቃ ካልሆነ። «ካስቀየምኩሽ» አትበል፤ «ዋሸሁብሽ» በል። ሐሰቱ በተነገረበት ቦታ ሁሉ እውነቱ መነገር አለበት፤ በጉባኤው ፊት የጎደፈ ስም ሳሎን ውስጥ አይጸዳም። በኦሪት ዘሌዋውያን 6 የባልንጀራውን ገንዘብ የካደ ሰው አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ የበደሉን መሥዋዕት የሚያቀርበውም በዚያው ቀን ነው።

ደግሞ ለማን እንደምትናገር ምረጥ። ይሁዳም እኮ «በድያለሁ» ብሎ ብሩን መልሶ ነበር። የሄደው ግን «እኛስ ምን አግዶን» ወደሚሉ ሰዎች ነው።

---

አልጋ ላይ ያለሁ

ይቅርታ ክሩን ልሰብር። የእኔ ከዚህ ይለያል። ያደረግኩትን ሁሉ ለሚመለከታቸው ተናግሬአለሁ፣ ካሣም ከፍያለሁ፣ ይቅር ብለውኛል። ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እኔ ግን አሁንም ሌሊት እነቃና አንዱን ኃጢአት እንደገና እናዘዛለሁ፤ በትክክል ተናገርኩት ወይ እያልኩ። ለእኔስ ምን ትላላችሁ?

---

የልጅ ልጅ ያየሁ

ልጄ፣ ለአንተ የምለው የተገላቢጦሽ ነው። ለእርሱ ሂድ ብያለሁ፤ አንተ ቁጭ በል። ይቅር የሚለው ቃል ከ«ቀረ» የመጣ ነው፤ ይቅር ሲባል ቀርቷል ማለት ነው። የቀረን ነገር በየሌሊቱ ቀስቅሰህ «እውነት ቀርተሃል?» ብትለው እንዴት ይተኛል? ስሜትህ ዘግይቶ ይመጣ ይሆናል፤ ወይም ላይመጣ ይችላል። ይቅርታው በስሜትህ ላይ አልቆመም።

---

ነርሷ

የእማማን ቃል ሳልነካ አንድ ልጨምር። ስድስት ዓመት እንቅልፍ የሚነሣና አንዱን ነገር እየደጋገመ የሚያመላልስ ሐሳብ የእምነት ማነስ ላይሆን ይችላል፤ ሕክምና ያለው ጭንቀት ሊሆን ይችላል። የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግር። ሐሳቡ ራስህን ወደ መጉዳት ከሄደ ደግሞ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰውም ለባለሙያም ተናገር። ለዚህ ጸሎትህን ማቆም አያስፈልግህም።

---

አልጋ ላይ ያለሁ

አመሰግናለሁ። እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር።

---

ቁጡው

ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ነበር፤ ባለፈው የተናገርኩት ሁሉ ዱላ ብቻ እንዳይሆን ልጻፈው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3ን አንብቡ። ጴጥሮስ በመቅደሱ ደጅ ለተሰበሰበው ሕዝብ «እናንተ ግን ቅዱሱን ጻድቁን ክዳችሁ» ይላል። ክዳችሁ! ማን ነው የሚናገረው? ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከአንዲት ገረድ ጥያቄ ጀምሮ ሦስት ጊዜ የካደው ሰው። በግሪኩም ለእርሱ ክህደት የተጻፈው ግሥ ይኸው ነው ይላሉ አዋቂዎች። እኔ ብሆን ያን ቃል አልነካውም ነበር። ሌላ ቃል እፈልግ ነበር፤ እንደ የኋላ ወንበር ክፍሉን ለሌላ ሰው እሰጥ ነበር። ጴጥሮስ ግን በዚያው ቃል ይናገራል። ይህን ያደረገው ታሪኩ ስለተደበቀለት አይደለም፤ የጴጥሮስን ክህደት አራቱም ወንጌላት ጽፈውታል። ሁሉም ያውቃል። የሚፈራው ምን ቀረ?

ደግሞ አነጋገሩን እዩት። ወዲያው «ወንድሞቼ ሆይ፣ ባለማወቅ እንዳደረጋችሁት አውቄአለሁ» ይላል። ከመውደቁ በፊት «ሁሉም ቢሰናከሉብህ እኔ ከቶ አልሰናከልም» ያለው ሰው እንዲህ ያለ አንጀት አልነበረውም። ያኔ የነበረው የብራና ወዳጅ እንዳለው የመጀመሪያው ዓይነት ድፍረት ነው። እንግዲህ የኋላ ወንበር፣ የድሮው ድፍረትህ አልተመለሰልህም ብለህ አትዘን። ባይመለስ ይሻላል።

---

የብራና ወዳጅ

ቁጡው እንዲህ ለስልሶ ሲጽፍ ሳይ ገጹ የተሳሳተብኝ መስሎኝ ነበር። ማርቆስንም ጨምሩበት፤ ጳውሎስንና በርናባስን በጵንፍልያ ትቶ ተመለሰ፣ ሁለቱ በእርሱ ምክንያት ተለያዩ፤ በመጨረሻ ጳውሎስ ከእስር ቤት «ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና» ብሎ አስጠራው። በርናባስ የአጎቱ ልጅ ባይሆን ማን ይዞት ይሄድ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

---

የኋላ ወንበር (ከ5 ሳምንት በኋላ)

እስካሁን የጠፋሁት ስለሸሸሁ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት ግን ሸሽቻለሁ፤ አልዋሽም።

መጀመሪያ ለአንድ ሽማግሌ ተናገርኩ። ከዚያ ለእርሷ ጻፍኩላት። ከአራት ቀን በኋላ «ባለቤቴ ባለበት ና» የሚል አጭር መልስ መጣ። ሄድኩ። የልጅ ልጅ ያየሁ እንዳሉኝ «ቸግሮኝ» የሚለውን ቃል ላለማውጣት ምላሴን ነክሼ ነበር፤ ያለ እርሱ ታሪኩ ምንኛ አጭር ነው! ሦስት ዐረፍተ ነገር አልሞላም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ያን ቀን ‹የአመዘጋገብ ስሕተት› ስትል እኔን እንደሚያስቡ ታውቅ ነበር?» «አውቅ ነበር» አልኩ። ይህን ለእግዚአብሔር እንኳ በዚህ ቃል ነግሬው አላውቅም። ባሏ ተነሥቶ ወጣ። እርሷ «ሰምቻለሁ። መልስ ዛሬ አትጠብቅ» አለችኝ። አልጠበቅኩም። «ዝም ያልኩት»፣ የአንቺን ልመና አስቤ ነው ምንም ሳልጠይቅ የወጣሁት።

በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤው ፊት ተናገርኩ። ጥናት መምራት አቁሜአለሁ፤ ገንዘብ ደግሞ ከእንግዲህ አልይዝም፤ ሽማግሌዎቹ ሲወስኑት ተገቢ ነው ብያለሁ። ሰላም የማይሉኝ አሉ። አንዱ «ባትናገረው ይሻል ነበር» ብሎኛል፤ ገንዘቡ ከተመለሰ ምን ያስቆፍራል ነው ነገሩ። ቤት ስገባ ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ታዲያ ማክሰኞ ያ የሥራ ባልደረባዬ «ጥናቱን ትተሃል አሉ፤ ምን ሆንክ?» አለኝ። ወሬ ልቀይር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ነገርኩት። ሁሉንም። ምን እንደሰረቅኩ፣ ማንን እንደጎዳሁ፣ ለምን አሁንም ወደዚያ ጉባኤ እንደምሄድ። የምሳ ሰዓታችን አለቀ። ስለ ክርስቶስ ይቅርታ ለሰው ስናገር በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ መሆኑን ያስተዋልኩት ወደ ጠረጴዛዬ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

---

የጠዋት ጤዛ

መጀመሪያ የሰጠሁህ ምክር ስሕተት ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ። የሚክያስን ቃል ግን አልመልሰውም።

---

የኋላ ወንበር

አትመልሰው። አሁን እየገባኝ ነው።

---

ዝም ያልኩት

ባሏ ተነሥቶ ወጣ ያልከው ጋ ስደርስ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሄደህ ስለነገርካት አመሰግናለሁ።

---

የልጅ ልጅ ያየሁ

እህታችንስ? ወደ ጉባኤው ተመለሰች?

---

የኋላ ወንበር

ገና ነው እማማ። ባለፈው ሳምንት ግን የዚያን ዓመት መዝገብ ልይ ብላ ጠየቀች፤ አመጡላት። ጉድለቱ የተጻፈበትን ገጽ አውጥታ በኅዳጉ ላይ በራሷ እጅ ቀኑንና የእኔን ስም ጻፈችበት። ከዚያ ዘግታ መለሰችላቸው።